ሃርት የተባለው ቦምብ ጣይና በሕግ ውስጥ የተተወው ቀዳዳ

(በተማሪዎች የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቀርበን የምንናገረው ስለ አንድ አሮጌ አይሮፕላን ነው። ክንፉ ከላይና ከታች የተደራረበ፥ ገላው በጨርቅ የተሸፈነ፥ ነጂውም ተኳሹም አናታቸውን ለነፋስ ሰጥተው የሚቀመጡበት የእንግሊዝ ቀላል ቦምብ ጣይ ነው። ስሙ ሃውከር ሃርት ይባላል። ሃርት ማለት በእንግሊዝኛ ወንድ አጋዘን ማለት ነው። የተሠራው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ሲሆን፥ በዘመኑ በፍጥነቱ ዝናው የተሰማ ነበር።

«ይህ ለሙዚየም እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ከመካከላችን እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ስለ ማናቸውም መሣሪያ ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል። እንዴት ተሠራ? ለምን ታዘዘ? በማን አናት ላይ በረረ? የመጀመሪያውን የምሕንድስና ተማሪ ይጠይቃል ፤ ሁለተኛውን የታሪክና የኤኮኖሚ ተማሪ ይጠይቃል ፤ ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቦምብ የወደቀበት ሰው ብቻ ነው። አገራችን በ1928 ዓ.ም. ያንን ሦስተኛ ጥያቄ ከጠየቁት ወገን ስለ ነበረች፥ የሃርት ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት፥ የራሳችን መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ሃርት ከመሠራቱ በፊት፥ ለአገራችን በጣም ቅርብ በሆነ ስፍራ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በሶማሌላንድ ግዛቱ ከሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ጋራ ሃያ ዓመት ያህል ሲዋጋ ኖሮ ሊያሸንፋቸው አልቻለም ነበር። ዲ ኤች 9 የተባሉ 12 ባለ ድርብ ክንፍ ቦምብ ጣዮች በመርከብ ተጭነው በርበራ ደረሱ ፤ በ1920 በጃንዋሪ ወርም ከዚያ ተነሥተው በሰይዱ ሰፈርና ምሽግ ላይ ቦምብ ጣሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሰይዱ ኃይል ተበተነ። እሳቸውም ወደ ኦጋዴን ሸሽተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሚ ላይ ሞቱ። በምድር የዘመቱት የግመል ጦረኞች በዚህ ድል ትልቅ ድርሻ ነበራቸው ፤ ነገር ግን ለንደን ላይ ጆሮ ያገኘው የአይሮፕላኖቹ ወጪ ነው። 77,000 ፓውንድ ብቻ! ከታላቁ ጦርነት ዕዳ ያልወጣ መንግሥት ይህን ሲሰማ ምን እንዳሰበ ለመገመት አያስቸግርም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በኦክቶበር 1922 የእንግሊዝ አየር ኃይል የኢራቅን ጥበቃ ከምድር ጦሩ ተረከበ። ብዙ ሺህ እግረኛ ከማቆም ይልቅ ጥቂት አይሮፕላን ማቆም ይረክሳል ተባለ። ግብር አልከፍልም ያለ ወይም ያመፀ ጐሣ ሲኖር አስቀድሞ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይጣልለታል ፤ ካልታዘዘ ቦምብ ይከተላል። የዚህም ሥራ ስሙ ጦርነት አልተባለም ፤ የፖሊስ ሥራ ተባለ። በዚያው በ1922 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በዛሬይቱ ናሚቢያ ምድር የውሻ ግብር ከብዶብናል ብለው የተነሡትን የቦንደልስዋርት ሰዎች በአይሮፕላን ደበደበ። ነገሩ ወደ መንግሥታት ማኅበር ደርሶ ተመረመረ፥ ተተቸም ፤ ልማዱ ግን አልቆመም።

ጓደኞቻችን ፤ ይህን «የፖሊስ ሥራ» የሚለውን ቃል አደራ ያዙልን ፤ ኋላ እንመለስበታለን። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንሂድ። ሃርት እንዴት ተሠራ?

በ1920ዎቹ መካከል የነበረ ቦምብ ጣይ ዝግተኛ ነበር። ተዋጊ አይሮፕላን ደርሶ ይይዘዋል፥ ይጥለዋልም። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያናጋው ሪቻርድ ፌይሪ የተባለ የእንግሊዝ አይሮፕላን ሠሪ ነው። በ1923 አሜሪካኖች በእንግሊዝ አገር በተደረገው የሽናይደር ዋንጫ የአይሮፕላን እሽቅድምድም በከርቲስ ዲ 12 ሞተር አሸነፉ። ሞተሩ 12 ሲሊንደር በሁለት ረድፍ የተደረደረበት፥ ቀጭንና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ፌይሪ ይህን ሞተር ከአሜሪካ አስመጥቶ አፍንጫው የሾለ ቦምብ ጣይ ሠራበት ፤ ስሙንም ፎክስ፥ ማለት ቀበሮ፥ አለው። ፎክስ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ስለ ነበረ በዘመኑ የነበሩት ተዋጊዎች ተቸገሩ። ነገር ግን የእንግሊዝ አየር ኃይል ለአንድ ስኳድሮን የሚበቃ ብቻ ገዛ። ያም 12ኛው ስኳድሮን ነው ፤ የቀበሮ ፊት የዚህ ስኳድሮን ዓርማ ሆኖ ቀረ። ይህን ቁጥር ደግሞ አስታውሱ።

ፎክስ ሁለት ነገር አስከተለ። ሮልስ ሮይስ የተባለው ፋብሪካ የአሜሪካን ሞተር መርምሮ ኬስትረል የተባለውን የራሱን ሞተር ሠራ ፤ የአየር ሚኒስቴር ደግሞ በ1926 በሰዓት ከ257 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የሚበር ቀላል ቦምብ ጣይ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት አንዱ የሃውከር ኩባንያ ዋና ነዳፊ ሲድኒ ካም ነው። ካም የአናጢ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤትን ገና በልጅነቱ ትቶ የእንጨት ሥራ ተማሪ ሆነ ፤ በ1925 ግን በ32 ዓመቱ የፋብሪካው ዋና ነዳፊ ለመሆን በቃ። የዲፕሎማ ብዛት ብቻ መሐንዲስ እንደማያደርግ ለሚያምኑ መምህሮቻችን ይህ ጥሩ ምሳሌ ሳይሆን አይቀርም።

የሃርት የመጀመሪያው ናሙና በጁን 1928 በረረ። አጥንቱ የብረትና የዱራሉሚን ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ እርስ በርሳቸው በብየዳ ሳይሆን በብሎን የተያያዙ ስለ ነበሩ፥ አንዱ ቢሰበር ከበረሃ ጣቢያ ላይ እንኳ ፈትቶ መለወጥ ይቻል ነበር። በዚህ አጥንት ላይ ከተልባ እግር የተሠራ ጨርቅ ተወጥሮ ይለበጣል። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከሩብ ገደማ፥ ቁመቱ 9 ሜትር አይሞላም። 525 የፈረስ ጉልበት ባለው ኬስትረል ሞተር በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከፊት አንድ ቪከርስ መትረየስ፥ ከኋላ ደግሞ በቀለበት ላይ የሚዞር አንድ ልዊስ መትረየስ ነበረው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ሁለት ሥራ ነበረበት ፤ ጠላት ሲመጣ ቆሞ ይተኩሳል ፤ ቦምብ ሲጣል ደግሞ ወደ ሆዱ ገብቶ በደረቱ ተኝቶ ከነጂው ወንበር ሥር ባለው መስኮት ወደ ታች እያየ ያነጣጥራል። የሚሸከመው ቦምብ በጠቅላላው 235 ኪሎ ገደማ ነው። በእኛ አነጋገር ሁለት ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ሃርት በ1930 መጀመሪያ 33ኛው ስኳድሮን ውስጥ አገልግሎት ጀመረ። በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ቡልዶግ የተባለ ተዋጊ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ይበር ነበርና፥ አገር የሚጠብቀው ተዋጊ አጥቂውን ቦምብ ጣይ መድረስ አቃተው። በአየር ኃይሉ ልምምድ ላይ ሃርቶች እየመጡ «ከተማ አጠፋን» ብለው ሲመለሱ፥ ተዋጊዎቹ ወይ በጊዜ አይደርሱም ወይ ከኋላ ይቀራሉ። መፍትሔው ራሱ የሚያስቅ ነበር። ሃርትን የሚይዝ ሃርት ብቻ ነው ተብሎ፥ ከዚያው አካል ዲመን የተባለ ተዋጊ ተሠራ። ለባሕር ኃይል ኦስፕሪ፥ ከምድር ጦር ጋር ለሚሠራ ኦዳክስ፥ ለበረሃ አገር ሃርዲ፥ ኋላም ሃይንድና ሄክተር ከዚሁ አንድ ዘር ተወለዱ። የሃርት ቁጥር ብቻ አንድ ሺህ ገደማ ሲሆን፥ ዘመዶቹ ሲጨመሩ ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ቦምብ ጣዩ ከተዋጊው የሚፈጥንበት ጊዜ በእውነቱ በጣም አጭር ነበር። በ1931 ያው ሲድኒ ካም፥ በዚያው በኬስትረል ሞተር፥ ፊዩሪ የተባለ ባለ አንድ ሰው ተዋጊ ሠርቶ በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ አስኬደው። ነገር ግን ቦምብ ጣዩን የሚያቆም የለም የሚለው ፍርሃት እንደ አይሮፕላኑ ቶሎ አላረጀም። በኖቬምበር 10 ቀን 1932 ስታንሊ ባልድዊን በእንግሊዝ ምክር ቤት ቆመው፥ በመንገድ የሚሄደውን ተራ ሰው ከቦምብ የሚያድነው ኃይል በምድር ላይ እንደሌለ፥ ቦምብ ጣዩም ሁልጊዜ አልፎ እንደሚመጣ ተናገሩ። ባልድዊን አስቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፥ በዚያን ጊዜም በመንግሥቱ ውስጥ ከዋናዎቹ አንዱ የሆኑ ሰው ናቸውና ቃላቸው ከባድ ነበር።

ቦምብ ጣይን በመሣሪያ ማቆም ካልተቻለ የሚቀረው መንገድ በሕግ ማቆም ነው። ብዙ አስተዋዮች በዚያን ጊዜ ያሰቡት ይህንኑ ነው። በፌብሩዋሪ 1932 የመንግሥታት መልእክተኞች መሣሪያ ለመቀነስ ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡ። በማርች 1933 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድ የስምምነት ረቂቅ አቀረቡ። በዚያ ረቂቅ ውስጥ ከአየር ቦምብ መጣል ፈጽሞ እንዲቀር የሚል አንቀጽ ነበረ። ጓደኞቻችን ፤ ይህ አንቀጽ ሕግ ሆኖ ቢሆን ምን ያህል ሕይወት ባዳነ! ነገር ግን በአንቀጹ ውስጥ አንዲት ቅንፍ ነበረች። በራቅ ባሉ አንዳንድ አገሮች ለፖሊስ ሥራ ካልሆነ በቀር፥ ትላለች።

አደራ ያልናችሁ ቃል እነሆ ተመልሶ መጣ። ራቅ ያሉ አገሮች የተባሉት ከማን የራቁ ናቸው? ከለንደን የራቁ ናቸው እንጂ በዚያ ለሚኖረው ሰው ራቅ ያለ አገር የለም። እረኛው ለከብቱ ቅርብ ነው ፤ እናት ለልጇ ቅርብ ናት። ያ ቅንፍ ሲጻፍ፥ ሃርቶች በህንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በ11ኛውና በ39ኛው ስኳድሮን ውስጥ ሆነው በተራራ መንደሮች ላይ ይበሩ ነበር። ቅንፏ የተጻፈችው እነዚህና በመካከለኛው ምሥራቅ የነበሩት ቦምብ ጣዮች ሥራቸውን እንዳይፈቱ ነው። ይህን ደግሞ እኛ በጥርጣሬ የምንናገረው አይደለም። የአየር ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ሎንዶንደሪ በሜይ 1935 በመኳንንቱ ምክር ቤት ቆመው፥ በመካከለኛው ምሥራቅና በህንድ ጠረፍ በቦምብ ጣይ የመጠቀምን መብት ለማስቀረት በጉባኤው ላይ ብዙ እንደ ደከሙ ራሳቸው ገልጸዋል።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል አንድ ነገር እንበል። የጄኔቭ ጉባኤ የፈረሰው በዚህች ቅንፍ ምክንያት ብቻ አይደለም። ጀርመን በኦክቶበር 1933 ጉባኤውን ጥላ ወጣች ፤ ሌሎቹም እርስ በርሳቸው አልተማመኑም ነበር። ነገር ግን የሕግ አስተማሪ ለመሆን የሚፈልግ መንግሥት ለራሱ ቀዳዳ ሲተው፥ ሌላው በዚያች ቀዳዳ ሊገባ እንደሚመኝ ማወቅ ነበረበት። አባቶቻችን «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሎርድ ሎንዶንደሪ ይህን ከተናገሩ አምስት ወር አልሞላም ፤ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ማለት በኦክቶበር 3 ቀን 1935፥ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ ፤ አድዋም በዚያው ቀን ከአየር ተደበደበች። በዲሴምበር 6 ደሴ ተደበደበች ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልቀረም። በዚያው ወር የመርዝ ጋዝ መውረድ ጀመረ። በዲሴምበር 30 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች ድንኳን ተመታ። የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከፊላቸው እንደ ሃርት ባለ ድርብ ክንፍ ቀላል አይሮፕላኖች፥ ከፊላቸውም ባለ ሦስት ሞተር ትላልቆች ነበሩ። የአገራችን አይሮፕላኖች ግን በጣት የሚቈጠሩ፥ ለመልእክትና ለሰው ማመላለሻ እንጂ ለአየር ውጊያ ያልተዘጋጁ ነበሩ። ባልድዊን ቦምብ ጣይን የሚያቆም የለም ያሉት ለለንደን ተሳስተው ሊሆን ይችላል ፤ ለደሴና ለኮረም ግን እውነት ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሃርቶች ወዴት ነበሩ? በዚያው በኦክቶበር 1935፥ በኢትዮጵያ ምክንያት በእንግሊዝና በኢጣልያ መካከል ጦርነት ይነሣል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ፥ ሃርትን መጀመሪያ የተቀበለው 33ኛው ስኳድሮን ወደ ግብፅ ተላከ። ቁጥሩን አስታውሱ ያልናችሁ 12ኛው ስኳድሮን ደግሞ ፎክሶቹን ቀድሞ በሃርት ለውጦ ነበርና፥ ከነሃርቶቹ ወደ ኤደን መጥቶ ሰፈረ። ከኤደን እስከ አሰብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሃርት ሁለት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። የዘመኑ ፈጣን ቦምብ ጣዮች ከባሕሩ ማዶ ሆነው ነዳጃቸውን ሞልተው፥ ጠባቂ ቆሞላቸው፥ ጠመንጃና ጋሻ የያዘ ሕዝብ በቦምብና በጋዝ ሲያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እርሱ አልተነሡም። የኢጣልያ ወታደርና ስንቅ የጫኑ መርከቦችም በስዌዝ ቦይ ያልፉ ነበር ፤ ቦዩ አልተዘጋም። በኖቬምበር 18 የመንግሥታት ማኅበር ቅጣት ጣለ ፤ ነገር ግን አይሮፕላንና ካሚዮን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ከቅጣቱ ውጭ አደረገው። በኦገስት 1936፥ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላ፥ 12ኛው ስኳድሮን ድንኳኑን ነቅሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል። «እነዚያ ሃርቶች የመጡት የእንግሊዝን ጥቅም ሊጠብቁ እንጂ ኢትዮጵያን ሊረዱ አልነበረም። አንድ መንግሥት ለሌላ አገር ብሎ ወደ ጦርነት አልገባም ቢል እንዴት ይወቀሳል?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኛም ቦምቡን የጣለውንና ቆሞ ያየውን በአንድ ሚዛን አናስቀምጥም። ጥፋቱ የፋሺስቶች ነው። ነገር ግን የመንግሥታት ማኅበር የውል ጽሑፍ በአንዱ አባል ላይ የተደረገ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደ ተደረገ ይቈጠራል የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምራ አባል ሆና በዚህ ቃል ታምና ነበር። ውል የፈረመ ሰው በችግር ቀን «የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነው» ካለ፥ ውሉ ቀድሞም ወረቀት ብቻ እንደ ነበረ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ። ስዊድን ጥቂት ሃርቶች ገዝታ በፈቃድ 42 ያህል በአገሯ ሠርታ ነበር። በ1939 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር፥ የስዊድን መንግሥት በይፋ ወደ ጦርነቱ ባይገባም፥ የስዊድን ፈቃደኞች በጃንዋሪ 1940 በ12 ግላዲየተር ተዋጊዎችና በ4 ሃርቶች ወደ ሰሜን ፊንላንድ ዘመቱ። በዚያን ጊዜ ሃርት ያረጀ ነበር ፤ ቁጥሩም ከምንም የማይገባ ነው። ይሁን እንጂ ተነሣ። በኤደን የነበረው ሃርት አዲስና ብዙ ነበር ፤ አልተነሣም። ስለዚህ አይሮፕላን እንዲነሣ የሚያደርገው ሞተሩ ብቻ አይደለም እንላለን።

የሃርት ዘር በመጨረሻ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ መብረሩ አልቀረም። ደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ 65 ያህል የሠራችው አንድ ዓይነት ነበረ ፤ ስሙም ሃርትቢስት ይባላል። ሃርትቢስት ማለት በሰንቀሌ ሜዳ የምናውቀው ቆርኬ ነው። ኢጣልያ በጁን 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ፥ እነዚህ «ቆርኬዎች» ከኬንያ ተነሥተው በደቡብ ድንበራችን በፋሺስት ጦር ላይ በረሩ። ሃርዲ የተባሉት ወንድሞቻቸውም በሱዳንና በኤርትራ ግንባር ከሮዴዥያ ስኳድሮን ጋራ ተሰለፉ። ለአርበኞቻችን ትግል የሚረዳ ኃይል በመምጣቱ ደስታ እንጂ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ይህ የሆነው አርበኞቹ ከአራት ዓመት በላይ በጫካና በገደል ብቻቸውን ከተዋጉ በኋላ፥ እሳቱም የእንግሊዝን ቤት ራሱን ከነካ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳንል ጅቡ ገና አልሄደም ነበር ፤ ግን ብዙ በልቶ ነበር።

አሁን ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ ፤ የማይቆም መሣሪያ የለም። ባልድዊን ቦምብ ጣይ ሁልጊዜ ያልፋል ባሉ በሦስተኛው ዓመት፥ በፌብሩዋሪ 1935፥ በእንግሊዝ አገር የራዳር ሙከራ ተሳካ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 6፥ አድዋ ከተደበደበች አንድ ወር ካለፈ በኋላ፥ የሃርት አባት ሲድኒ ካም የነደፈው ሃሪኬን የተባለው ተዋጊ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። የሃሪኬን አጥንት ከሃርት የተወረሰው የቱቦ አሠራር ነው ፤ ሞተሩም የኬስትረል ታናሽ ነው። በ1940 የእንግሊዝን ሰማይ ከጠበቁት ዋናው እርሱ ነበር። ስለዚህ «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ንግግር ከባለሥልጣን አፍ ቢወጣም የምሕንድስና እውነት አይደለም ፤ ብዙ ጊዜ የስንፍና ወይም የፍርሃት ልብስ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ያዙ።

ሁለተኛ ፤ ሕግን በአንቀጹ አትመርምሩት ፤ በቅንፉ መርምሩት። አንቀጹ ለሁሉ የተጻፈ ይመስላል ፤ ቅንፉ ግን ሕጉ ማንን እንደማይጠብቅ ይናገራል። ራቅ ላለው ሰው፥ ለዘላኑ፥ ለጠረፉ፥ ላልተማረው የማይሠራ ሕግ፥ ጣራው ላይ ቀዳዳ እንዳለበት ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ከቀዳዳው ሥር የተኛው ብቻ አይረጥብም። በራቅ ባሉ አገሮች የተለመደው ቦምብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውሮጳ ከተሞችም ላይ ወረደ ፤ ለንደንም ከዚያ አላመለጠችም። የሕግ ተማሪዎች ይህን ያዙ።

ሦስተኛ ፤ «ርካሽ ነው» የሚለውን ቃል ፍሩ። ሶማሌላንድ ላይ 77,000 ፓውንድ ተባለ ፤ ኢራቅ ላይ ከእግረኛ ጦር ይረክሳል ተባለ። ዛሬ ነጂ የሌለው አይሮፕላን፥ ድሮን የሚባለው፥ በብዙ አገሮች ሰማይ ላይ ሲበር የሚሰጠው ምክንያት ያው ነው። ይረክሳል ፤ የራስን ወታደር አያስገድልም ፤ የሚመታውም ክፉ አድራጊውን ብቻ ነው። ምናልባት አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ለሚልከው መንግሥት ርካሽ የሆነ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ይላካል ፤ ቶሎ ቶሎ የሚላክ ነገር ደግሞ ሳይታሰብበት ይላካል። ሒሳቡ ሲሠራ ከታች ያለው ሰው ዋጋ በመዝገቡ አይገባም። ያንን ዋጋ በመዝገቡ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። የኤኮኖሚና የታሪክ ተማሪዎች ይህን ያዙ።

ክቡራን መምህራን ፤ እኛ ወደ ዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣነው ጥበብ ልንማር ነው። ጥበብን አንፈራም ፤ የአናጢው ልጅ ሲድኒ ካም በብሎንና በቱቦ የሠራው ሥራ ያማረ ስለ ነበረ አማረ እንላለን። የምንለው ይህ ብቻ ነው። እንዴት ተሠራ ብሎ የሚጠይቀው ተማሪና በማን ላይ በረረ ብሎ የሚጠይቀው ተማሪ በተለያየ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው እስከ ምረቃ ቀን ሳይተዋወቁ እንዳይቀሩ። ሃርትን የነደፉት እጆች ጄኔቭ ላይ አልተቀመጡም ፤ ጄኔቭ ላይ ቅንፉን የጻፉት እጆችም ቦምብ የወደቀበትን መንደር አላዩም። እኛ ግን ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የምናነብ፥ በአንድ አዳራሽ የምንበላ ነንና፥ ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድነት ለመጠየቅ ምክንያት የለንም ልንል አንችልም።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ እንድታሰሙን ወንበሩን ለእናንተ እንለቃለን።